ሲሰበር የሚሰበረው ማን ነው?

አንድን ነገር ስናሻሽል ሸክሙ ይቀንሳል ወይስ ቦታ ይለውጣል? ጥያቄው የመካኒክ ይመስላል። እኔ ግን የኛም ነው እላለሁ፣ እህቶቼ። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ አሮጌ ስፖርት መኪና የምጽፍላችሁ። አትሳቁብኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ቤይሩት የኖረች ሁሉ መኪናውን ታውቀዋለች። አራት ክብ መብራት ያለው፣ ሌሊት በጠባቡ መንገድ እየጮኸ የሚያልፈው የድሮው ቢኤምደብሊው ነው፤ ኢ 30 ይሉታል። ፋብሪካው ይህን ዓይነት ማምረት የጀመረው በፈረንጆች 1982 ነው። ባለ 6 ሲሊንደሩ 325 አይ ደግሞ በ1985 መጣ፤ ሞተሩ 2.5 ሊትር፣ ጉልበቱ 170 ፈረስ ገደማ። በዕድሜ ከብዙዎቻችን ይበልጣል፤ የዚህ አገር ወጣት ግን አልተወውም። ቀላል ነው፣ የሚነዳው በኋላ ጎማው ነው፣ ተፈታቶ መገጠምም ይችላል። እኔ ከምሠራበት ሕንፃ ሥር ትንሽ ጋራዥ አለ። ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣ በረንዳ ሳጥብ፣ ልብስ ሳሰጣ የማየውና የምሰማው እሱን ነው። ስንት ጊዜ አንዱን መኪና ሲፈቱ ሲገጥሙ አይቻለሁ መሰላችሁ!

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጭስ መውጫው ነው። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። አሮጌው ጭስ በደንብ ካልወጣ አዲሱ አየር በደንብ አይገባም። ስለዚህ ጠባቡን የብረት መውጫ አንስተው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ረጅም ቱቦ ያለውን ያስገባሉ። ቱቦዎቹ በልኩ ከተሠሩ ከአንዱ ሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ሲሮጥ ተከታዩን ይስበዋል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላውን ያግዘዋል ማለት ነው። ቱቦው ከመጠን በላይ ከሰፋ ግን የጭሱ ፍጥነት ይሞታል፤ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ይደክማል። ማርሚታውን ብቻ የሚቀይር ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚያገኘው ድምፅ ነው። ጩኸቱ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ያው ነው።

ቀጥሎ ጉልበት የሚሄድበት መንገድ ይመጣል። ከሞተር ወደ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፣ ከዚያ በአንድ የጎማ መጋጠሚያ ወደ ረጅሙ ዘንግ፣ ከዘንጉ ወደ ዲፈረንሻል፣ ከዲፈረንሻል ወደ ኋላ እግሮች። (የነዚህን አንዳንዱን ስም የኛ አገር መካኒኮች ከጣሊያንኛ የወሰዱት ነው፤ ወንድም ወይም አጎት ጋራዥ ያለው ይገባዋል።) ወጣቱ በዚህ ላይ 190 ፈረስ ያህል ያለውን አዲሱን ባለ 24 ቫልቭ ሞተር ይጭናል። መጀመሪያ ያረጀው ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። ጠንካራ ፍሪሲዮን ይገባል። ያኔ ድንጋጤው ወደ ጎማ መጋጠሚያው ይሄድና ይሰነጥቀዋል። እሱም ሲቀየር የዘንጉ መሃል ኩሽኔታ፣ ከዚያም ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል። ጥገናው ሸክሙን አላጠፋውም፤ አንድ ቤት ወደ ኋላ ገፋው እንጂ።

ልምድ ያለው መካኒክ ስለዚህ ሁሉንም አያጠነክርም። መሰበር የማይቀር ከሆነ ርካሹ፣ በቶሎ የሚፈታው፣ በቶሎ የሚተካው ይሰበር ብሎ አስቦ ይተወዋል። ካምቢዮ ከሚፈነዳ የጎማው መጋጠሚያ ቢቀደድ ይሻላል። ለመኪና ብልህ አሠራር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አንድ ቤተሰብ ኑሮውን ሊያሻሽል ይነሳል። ጭቃው ቤት ብሎኬት ይሁን፣ ቆርቆሮው ይቀየር፣ ታናሽ ወንድም ኮሌጅ ይግባ፣ እናት ትታከም። ሁሉም ጥሩ ነገር ነው። ግን ሞተሩ በተጨመረ ቁጥር ኃይሉ የሚያልፍበት አንድ መጋጠሚያ አለ፤ እሷም ዓረብ አገር ያለችው ናት። ቤቱ ሲያልቅ አጥሩ ይመጣል። አጥሩ ሲያልቅ የወንድም ሠርግ። የወንድም ሠርግ ሲያልቅ የልጁ ክርስትና። «አንቺ እያለሽማ ምን እንሆናለን» ይሏታል። ምስጋና ይመስላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ እሷ የተመረጠችው ጠንካራ ስለሆነች ነው ወይስ ብትሰበር ኪሳራው ትንሽ ነው ተብሎ?

ጥያቄው መራራ ነው፣ አውቃለሁ። «ማንም አልመረጠኝም፣ ራሴ ነኝ የወጣሁት» የምትለኝ እህት ትኖራለች። እውነቷን ነው። ለእናት መሸከምን የመሰለ ክብር የለም፤ እሱን ስሕተት ነው የሚል ሰው እናት አላየም። እኔም መስዋዕትነት ክፉ ነው አልልም። የምለው ሌላ ነው። የጎማው መጋጠሚያ ስንት እንደሚችል መካኒኩ ያውቃል፤ ተኝቶ ከሥር ያየዋል፣ ስንጥቅ ሲያገኝ ይቀይረዋል። የኛን ስንጥቅ ማን ያያል? በቪዲዮ ስንደውል ፀጉራችንን ሠርተን፣ ጥሩ ልብስ ለብሰን ነው። ወገባችን፣ እንቅልፋችን፣ ሦስት ወር ያልተከፈለው ደመወዝ ስክሪኑ ላይ አይታይም።

ኢማኑኤል ካንት የሚባል የጀርመን ፈላስፋ በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውን እንደ መጠቀሚያ ብቻ ማየት አይገባም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እርስ በርስ መጠቃቀም ያለ ነው፤ ማዳም በእኔ ጉልበት ትጠቀማለች፣ እኔ በደመወዟ፣ ቤተሰቤ በሁለታችን። ክፋቱ የሚጀምረው «ብቻ» ላይ ነው፤ ሰውዬዋ ጠፍታ መጋጠሚያዋ ብቻ ስትቀር። በመኪናና በሰው መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። ብረት ተጠይቆ አያውቅም። እኛ ግን መጠየቅ እንችላለን፣ መመለስም እንችላለን። አፍ ያለውን ሰው ሳይጠይቁ ማሸከም በደል ነው፤ በፍቅር ስም ቢሆንም።

ያለነው ደግሞ አፍ በተያዘበት ቦታ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። በዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 የጸደቀው 189ኛው ስምምነት ግን የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖራት ይላል። 24 ሰዓት ቅንጦት አይደለም፤ የጭስ መውጫ ነው። የማያስወጣ ሞተር አይስብም። እሑድ ተገናኝተን ቡና ስናፈላ፣ አንዷ የሆዷን ስትናገር ሌላዋም ትናገራለች። ያ ከሲሊንደር ወደ ሲሊንደር ያልኳችሁ ነገር ነው። መጮህ ብቻውን ግን አይበቃም። ተነፋፍሰን ሰኞ ወደዚያው ሸክም ከተመለስን ማርሚታ ብቻ ቀየርን ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ሦስት ነገር ይታየኛል። አንደኛ፣ ለቤተሰብ ቁጥር እንናገር፤ ስንት እንደምናገኝ፣ ስንት ለራሳችን እንደሚቀር፣ ስንት ወር እንዳልተከፈለን። የመኪናውን አቅም የማያውቅ ሹፌር አብዝቶ ቢጭን አይፈረድበትም። ሁለተኛ፣ አዲስ ነገር ከመጀመሩ በፊት «ይኼን ማን ይሸከመዋል?» ብለን እንጠይቅ፤ ኮሌጅ የጨረሰው ወንድምም ትከሻ አለው። ሦስተኛ፣ ከምንልከው ውስጥ በስማችን የሚቀመጥ ይኑር። ራስ ወዳድነት አይደለም፤ ያረጀ ዕቃ የሚቀየርበት ገንዘብ ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ሁልጊዜ ስለ ኅብረት ነው የምንተርተው። እኔ ዛሬ የመጀመሪያውን ግማሽ ደግማችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ሃምሳውን ብቻዋን የተሸከመች አንዲት ሰው አለች። ስሟን ታውቁታላችሁ። ከነገው ስልክ ጀምራችሁ ሎሚውን ማከፋፈል ጀምሩ።