ጊንጡና ሞተሩ

ሰው የማያየው ሥራ በእውነት ሊሠራ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ለወጣት ሰው ቀላል ነው፤ «አዎን» ብሎ ለመመለስ አንደበቱ አይደናቀፍም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ በመምህርነት ስኖር ለተማሪዎቼ የመለስሁላቸው እንዲሁ ሳልቸገር ነበር። ይሁን እንጂ መልሱን በአፍ ማወቅና ገንዘብ በሚያስወጣበት ቀን ማወቅ ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአንዲት አሮጌ መኪና ምክንያት ነው።

መኪናይቱ ሴይቼንቶ ናት። ዳንቴ ጃኮዛ የተባለው መሐንዲስ የነደፋት፣ የኢጣሊያው ፊያት ፋብሪካ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ያወጣት፣ ሞተርዋ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና ናት። ስምዋ በኢጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ብዙ ጊዜ ስላገለገለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለ የከተማ ሰው አይረሳትም። አባቴም ከ1960 ጀምሮ ከተሠራችው፣ ባለ 767 ሲሲ ከሆነችው ዓይነት አንዲቱን እየነዳ እኛን አሳደገ፤ እኔንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማረኝ። እርሱ ካረፈ በኋላ መኪናይቱ በግቢያችን ሸራ ለብሳ ብዙ ክረምት አለፈባት።

የእኅቴ ልጅ መካኒክ ነው፤ በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራል። አንድ ቀን መጥቶ ሸራውን ገለጠና፣ «ጋሼ፣ ይችን መኪና እናስነሣት። ብትሸጥ የራሴን ጋራዥ እከፍትባት ነበር» አለኝ። እኔም የአባቴ መኪና ዝጋ ከምታልቅ ለልጅ መቋቋሚያ ብትሆን ይሻላል ብዬ ተስማማሁ።

ሞተሩን አውርደን ፈታታነው። ቴስታታው ተነሣ፤ ፒስተኖቹ ከነፋሻቸው ወጡ፤ በመጨረሻም መካኒኮች ኮሎ የሚሉት፣ የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ብረት ወጣ። ኮሎ ብሮንዚን በሚባሉ ስስ ቅርፊቶች ውስጥ ይዞራል። ነገር ግን ሞተሩ ደኅና ሲሆን ብረት ብረትን አይነካም፤ በመካከላቸው ከራስ ጠጉር የማይወፍር የዘይት ሽፋን አለና፣ ኮሎው በደቂቃ አራት ሺህ ጊዜ ቢዞር እንኳ የሚዞረው በዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ ነው። በእኛ ኮሎ ላይ ግን በአንደኛው ወገን ጥፍርን የሚያደናቅፍ ጭረት ተገኘበት።

መድኀኒቱ የታወቀ ነው። ኮሎውን ሩብ ሚሊሜትር ያህል በማሽን አስከርክሞ፣ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን መግጠም ነው። ብሮንዚኑ ግን በአገር ውስጥ አልተገኘም፤ ከኢጣሊያ እስኪመጣ ወራት መጠበቅና የጡረታዬን ገንዘብ ማውጣት አስፈለገ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ቃል ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ሆኖም ካልጻፍሁት ይህ ድርሰት ዋጋ የለውም። «በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን እንግጠመው፤ ሞተሩ ከተዘጋ በኋላ ማን ያየዋል?» አልሁ።

ልጁም ቀና ሳይል፣ «ዘይቱ ያየዋል፣ ጋሼ» አለኝ።

በዚህ ጊዜ የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ የሒሳብ አስተማሪዬ ትዝ አሉኝ። ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ጽፎ ስሌቱን ካላሳየ ዜሮ ይሰጡት ነበር። «መልሱን ከጎረቤትህ ልታገኘው ትችላለህ፤ ስሌቱ ግን ያንተ ነው» ይሉናል። እኔም ሥርዓታቸውን ተቀብዬ በተማሪዎቼ ላይ ስሠራበት ኖርሁ። እነሆ በስተርጅና ያለ ስሌት መልስ ለመጻፍ የፈለግሁ እኔው ሆንሁ። ገንዘቡን አወጣሁ፤ ብሮንዚኑ መጣ፤ ኮሎው ተከረከመ። ሞተሩ ተገጥሞ በተነሣ ዕለት ቀይዋ የዘይት መብራት ወዲያው ስትጠፋ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆመን ስናዳምጥ ቈየን።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ፣ ቅንነቱ የልጁ ነበረ። ከዚህ በኋላ ግን ተራው ተለወጠ።

ካርሎ አባርት የሚባል በ1908 በቪየና የተወለደ ሰው በ1949 በኢጣሊያ አገር በስሙ የሚጠራ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ኮከቡ ዐቅራብ ስለ ነበረ ጊንጥን ምልክቱ አደረገ። ይህ ሰው ትንሺቱን ሴይቼንቶ እያሻሻለ ለእሽቅድምድም የምትበቃ ፈጣን መኪና አደረጋት። በ1961 ያወጣት 850 ቲሲ የተባለችው 847 ሲሲ ሞተርና 52 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ የአባቴ ዓይነት መኪና ጉልበት ግን 30 ያህል ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው እኅትማማች ናቸው። ትልቁ ልዩነት በውስጥ ነው፤ አባርት ሲሊንደሩን ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ አስፍቶ፣ የፒስተኑን ጉዞ ከ63.5 ወደ 69 ሚሊሜትር አስረዘመው፤ ለዚህም ሌላ ኮሎ አስፈለገው። ስለዚህ ዛሬ እውነተኛይቱ አባርት ከተራዋ ሴይቼንቶ እጅግ የበለጠ ዋጋ ታወጣለች።

ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ሰው መኪናይቱን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረን፤ የሚፈልገውም አባርት ነበረ። በማግሥቱ የእኅቴ ልጅ ከኪሱ የጊንጥ ምልክት አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። «አባርት ናት ብዬ በአፌ አልናገርም። ምልክቱን ብቻ እለጥፋለሁ፤ እርሱ አይቶ ይፍረድ» አለኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር በችኮላ አትፍረድበት። ልጁ ሌባ አይደለም፤ ኮሎውን ያዳነው እርሱ ነው። ምልክት መለጠፍም በራሱ ኀጢአት አይደለም። የአባቱን ካፖርት ለብሶ በደጅ የሚዞር ሕፃን ማንንም አያታልልም፤ የሚያዩትም ይስቃሉ እንጂ አይከሱትም። ወጣት በገዛ መኪናው ላይ ጊንጥ ለጥፎ ከጓደኞቹ ጋር ቢጫወት ጌጥ ነው። ነገር ግን ምልክቱን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከፊቱ በቆመ ጊዜ ጌጡ ቃል ይሆናል። በመንገድ መገንጠያ ላይ ወደ ሐሰተኛው አቅጣጫ የሚያመለክት ሰሌዳ የተከለ ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ መንገደኛው ግን በእርሱ ምክንያት ጠፋ። ሐሰት በምላስ ብቻ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ዲዳ ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር።

ልጁም፣ «ሞተሩ እንደሆነ ደኅና ነው፤ ሰውዬው በምን ይጎዳል?» አለኝ። እኔም እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፣ ሞተሩ ደኅና በመሆኑ ነገሩ ይብስብኛል። የወራት ድካምህን ወስደህ ለሌላ ሰው ስም ትገብረዋለህን? አባርት እንኳ የፊያትን ስም አልደበቀም፤ በ1956 ያወጣትን ባለ 750 መኪና ‹ፊያት አባርት ዴሪቫሲዮኔ› ብሎ ጠራት፤ ከፊያት የተገኘች ማለት ነው። እርሱ መነሻውን ካልካደ እኛ ምን አሳፈረን? አንተ ደግሞ ዘይቱ ያየዋል ብለኸኝ ነበር።»

መልስ አልሰጠኝም፤ ምልክቱን አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

ገዢው መጣ። ተራ ሴይቼንቶ መሆንዋን ነገርነው፤ ኮሎው የተከረከመበትንም ወረቀት አሳየነው። አመስግኖን ሄደ፤ አልተመለሰም። እንዲህ ባለ ድርሰት ውስጥ እውነተኛው ሰው በመጨረሻ ሲሸለም ማንበብ የለመዳችሁ ወጣቶች ታዝኑ ይሆናል። እኔ ግን የሆነውን እጽፋለሁ። መኪናይቱ ይህን ስጽፍ አልተሸጠችም። የእኅቴ ልጅም ዛሬ የሚሠራው በሰው ጋራዥ ነው። ለሁለት ወር ያህል ወደ ቤቴ አልመጣም ነበር፤ አሁን ግን እሑድ እሑድ መጥቶ ሞተሩን ያስነሣል፤ እናቱንም ቤተ ክርስቲያን ያደርስባታል።

እንግዲህ እውነት ሁልጊዜ ትርፍ አለው ብዬ አልሰብክላችሁም። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ቅንነቱ በአንድ ወገን ሲበረታ በሌላው ይላላል። እኔ በምልክቱ በኩል ጠንካራ ነበርሁ፤ ኮሎው ላይ ግን ወደቅሁ፤ ልጁ በኮሎው ጸንቶ በምልክቱ ተፈተነ። ሁለታችን ባንነጋገር ኖሮ ሁለቱም ሐሰት በአንዲት መኪና ላይ ይፈጸሙ ነበር። ስለዚህ ሥራችሁን ከሚመረምርላችሁ ሰው አትሽሹ። ነገ ዲፕሎማ ትይዛላችሁ፤ ማዕርግም ይሰጣችኋል፤ እነዚህም ጊንጦች ናቸው። ከመለጠፋችሁ በፊት ሞተሩን ፍቱና ኮሎውን በጥፍራችሁ ዳስሱት።