ሁለት ቃል በምስማር

ይፋግ ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ የሞተር ሳይክል ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ሕመሟን የሚናገር መካኒክ ነበር። ፈትቶ ሲገጥም አንዲት ቡሎን ተርፋው አታውቅም ይሉታል።

አንድ ቀን አንድ የከብት ሐኪም አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 እየገፋ መጣ። ለክትባት ፎገራ ሜዳ ወርዶ ሳለ ሞተሯ እንደ ምጣድ ግላ፣ ውስጧ ቀጭ ቀጭ ሲል ነው ያጠፋት።

መካኒኩ ፈታት። ቴስታታው ከሥሩ በሞረድ ተበልቷል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው የነሐስ ቀዳዳም በጠባብ ተለውጣለች። ቅባቱን ሲጠርግ በቴስታታው ጎን በምስማር የተጫረ ሁለት ቃል አገኘ፦ ክምር ድንጋይ።

«አየህ ዶክተር? አበላሽቶ ሲያበቃ አገሩን ጽፎ ይኩራራል! የጉና ሥር ሰው ብረት ምን ያውቃል?»

ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ መሆኑን ለጊዜው ዘንግቶታል።

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ፣ ጋሼ» አለ ሐኪሙ።

መካኒኩ ጓርኒሲዮኑን ደረበ፤ ፋብሪካው ያዘዛትን ቀዳዳ ገጠመ፤ ጠባቧን ከብረት ፍቅፋቂው ክምር ላይ ወረወራት። ጽሑፉንም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ድራሹን አጠፋው። ሞተሯ በአንድ እርግጫ ተነሣች፤ አልጋለችም፣ አልተንኳኳችም። ሐኪሙ ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ።

ክትባቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። በወረታ ታጥፎ እስከ ዓለም በር ደኅና ነበረች። ዳገቱ ሲጀምር ማስነጠስ አመጣች። ደብረ ታቦር፣ 2,700 ሜትር ላይ ስትደርስ ጭሷ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ሸፈነ። ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ካንዴላ እያወጣ ጥቀርሻ ሲፍቅ፣ ሲገፋም፣ ክምር ድንጋይ የገባው ሲመሽ ነው።

እዚያ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ምንም አልፈቱም፤ ካንዴላውን ብቻ አዩት።

«ልጄ፣ ማነው እንዲህ ከልክ በላይ ያበላት? 3,000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 70 ያህል ነው። አየሩ ከሳሳ ቤንዚኑም መሳሳት አለበት። ቴስታታውን የሞረድኩትም ያንኑ ስስ አየር አጥብቆ እንዲጨምቅልህ ነበር።»

የተደረበውን ጓርኒሲዮን አወጡ። ጠባብ ቀዳዳ ስላልነበራቸው በሰፊዋ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ክር አሳለፉ።

«ይቺ ለጊዜው ናት። የድሮዋን ይዘህልኝ ና።»

ሒሳብ ሲጠየቁ ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። «ቀሪውን ይፋግ ላለው ስጥልኝ፤ ቴስታታውን አጥቦልኛል፤ የድካሙ ይሁነው።» ከዚያ ምስማራቸውን አንሥተው እዚያው ቦታ ላይ ቃላቱን እንደገና ጫሩ፤ በዚህኛው ጊዜ ተለቅ አድርገው።

ሐኪሙ ወደ ይፋግ ሲወርድ መልእክቱን አደረሰ። መካኒኩ ገንዘቡን አየ፤ ቴስታታውን አየ፤ ሁለቱን ቃላት ድምፅ ሳያሰማ አነበበ። ገንዘቡን መለሰና ፍቅፋቂው ክምር አጠገብ ተንበረከከ። ብረት ቢሆን በማግኔት ባወጣት፤ ነሐስን ግን ማግኔት አይስበውም። እስከ ማታ በጣቱ ሲያበጥር ቆይቶ አገኛት።

ሐኪሙ አሁን ሁለቱንም ቀዳዳዎች ይዞ ነው የሚሄደው። ሽቅብም ሆነ ቁልቁል ሲጓዝ ዓለም በር ላይ ቆሞ ይለውጣል።