በአሻንጉሊት አፍ አትባልጉ

ስሙኝ ልጆቼ። ዛሬ የምናገረው ይጎረብጣችኋል፤ ይጎርብጣችሁ።

እዚህ አሜሪካ ቤታችሁ ስመጣ፣ ከሥዕለ ማርያሙ ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ ምን እንዳስቀመጣችሁ አያለሁ። ሆዱን ሲጫኑት የሚሳደብ ድብ፣ ጣቱን ሲስቡት ፈስ የሚያሰማ ሽማግሌ፣ ሱሪው ሲወርድ ኀፍረቱን የሚያሳይ ሰካራም። ለልደት ትሰጣጣላችሁ፣ ለሙሽራዋ ዋዜማ ትገዛላችሁ፣ በመሥሪያ ቤት የስጦታ ልውውጥ ይዛችሁ ትገባላችሁ። «ለሳቅ ነው አባባ፣ ለትልልቅ ሰው ነው፤ ካርቶኑም ላይ ተጽፏል» ትሉኛላችሁ።

ከሳቅ ጋር አልተጣላሁም። እኛም የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ እየሰማን ነው ያደግነው፤ ከዚያ ውስጥ በአደባባይ የማይደገመው ብዙ ነው። አዝማሪውም በሠርግ ቤት ያላለው የለም። ነገር ግን አባቶቻችን ለባለጌው ቀልድ ሰምና ወርቅ አበጁለት። ሕፃኑ ሰሙን ሰምቶ ወደ ጨዋታው ይሮጣል፤ ወርቁ ለገባው ጎልማሳ ይቀራል። ነገሩ ግልጥ ሊወጣ ሲል ደግሞ ልጁ «ሂድ እስቲ ውኃ አምጣልኝ» ተብሎ ይላካል። የእናንተ አሻንጉሊት የገለበጠው ይህንን ሥርዓት ነው። ፊቱ ሕፃን ይጠራል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ለሕፃን ጆሮ የሚሆን አይደለም።

ሴት ልጅ አሻንጉሊት ስታገኝ የምታደርገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በነጠላ ታዝለዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ እሹሩሩ ትለዋለች። አገር ቤት ከቡትቶና ከበቆሎ ቆረቆንዳ ሠርታ እንኳ ልጄ ትለዋለች። ዕቃ ዕቃ ስትጫወት እናትነትን የምትለማመደው በእርሱ ነው። ካርቶን ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የሚያነበው ማንበብ የሚችል ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ የምታነበው ፊት ነው። ፊቱ ደግሞ «ነይ፣ እቀፊኝ» ይላታል።

«ለትልቅ ሰው የተሠራ ከትልቅ ሰው ዘንድ ይቀራል» የምትሉ የሊሊን ታሪክ ስሙ። ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1952 ጀርመን ውስጥ ቢልድ በተባለው ጋዜጣ ላይ የተሣለች፣ ወንዶችን እያማለለች የምትኖር የቀልድ ሴት ነበረች። በ1955 አሻንጉሊት ሆና ወጣች፤ የምትሸጠውም በትምባሆ መደብርና በመጠጥ ቤት ለወንዶች መሣለቂያ ነበር። ከዚያስ? ልጆች ወሰዷት። በ1956 ሩት ሃንድለር የተባለች አሜሪካዊት ከልጇ ጋር ስዊዘርላንድ ስትጓዝ አየቻት፤ ገዝታም አገሯ አስገባቻት። በ1959 ባርቢ ተወለደች። ባርቢን የሠራው ኩባንያ ማቴል የሊሊን መብት በ1964 ሲገዛ የጀርመኗ ሊሊ መሠራቷ አከተመ፤ በቅርጿ የተቀረጸችው ባርቢ ግን የዓለምን ሕፃናት እቅፍ ሞላች። ባርቢን እንዳትገዙ አልከለክልም፤ ለብሳና ተስተካክላ ነው የመጣችው። እኔ የምለው፣ የሰው ፊት ያለው መጫወቻ ለማን እንደተሠራ የሚወስነው ባለ ፋብሪካው አይደለም። የሚወስነው ያነሣው እጅ ነው።

ነጋዴዎቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ። በ2020 ሃስብሮ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ፖፒ የተባለች የትሮልስ ፊልም አሻንጉሊት አውጥቶ ነበር። በእግሮቿ መካከል ያለውን ቁልፍ ሲነኩባት ስትስቅና ትንፋሿ ሲቆራረጥ ወላጆች ሰሙ። ኩባንያው ቁልፉ አሻንጉሊቷ ስትቀመጥ እንዲሠራ የታሰበ ነው ቢልም፣ ከሱቅ አነሣት። በ2024 ደግሞ ማቴል ባወጣቸው የዊክድ ፊልም አሻንጉሊቶች ካርቶን ላይ የብልግና ፊልም ድረ ገጽ አድራሻ ታትሞ ተገኘ። ማቴል የኅትመት ስሕተት ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ወላጆችም ካርቶኑን እንዲጥሉ ወይም አድራሻውን እንዲሸፍኑ ነገራቸው። ትርፍ አሳዳጅ ኩባንያ በስሕተት ለወጣው ነገር ካፈረ፣ እናንተ አስባችሁ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ፣ በስጦታ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለምታመጡት ምን ትላላችሁ?

«እኛ ልጅ የለንም» የሚለውንም ሰምቼዋለሁ። የሐበሻ ቤት መቼ ሕፃን ያጣል? ቡና ሲፈላ ጎረቤት ልጇን አዝላ ትመጣለች፤ በክርስትና፣ በለቅሶ፣ በማኅበር ቤቱ በልጅ ይሞላል። እናንተ ወደ ወጥ ቤት ገባ ስትሉ መደርደሪያው ላይ የሚንጠላጠለው ያ ልጅ ነው። ስድቡን አጥንቶ ትምህርት ቤት ሲደግመው የሚቀጣውም እርሱ ነው፤ አስተማሪዋ እናንተን አትጠራም።

ሌላም አለ፤ ይህን ስናገር ልቤ ይቆጣል። እነዚህ መጫወቻዎች በማን ላይ ነው የሚያላግጡት? በሰካራም፣ በወፍራም ሴት፣ ሰውነቱ በማይታዘዝለት ሽማግሌ። በየቤታችን መጠጥ የጎዳው ወንድም አለ። በየቤታችን ሰውነቷን ጠልታ ከምግብ የምትሸሽ ልጅ አለች። በዊልቸር የሚገፉ አያት አሉ። እነርሱ በተቀመጡበት ሳሎን በእነርሱ መከራ የሚያስቅ ነገር ማስቀመጥ ጭካኔ ነው። እነርሱም አብረው የሚስቁት ሌላው እንዳይታዘባቸው ብለው ነው፤ ዓይናቸውን አይቻለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ያላችሁ ዛሬውኑ ከቤታችሁ አውጡት። ለዕርዳታ ልብስ በምትሰጡበት ሣጥን ግን አትክተቱት፤ ያንን ሣጥን የምትበረብረው ስደተኛ እናት ለልጇ መጫወቻ አገኘሁ ብላ ደስ ብሏት ትወስደዋለችና። ድምፅ ማውጫውን ነቅላችሁ፣ ቀድዳችሁ፣ ከቆሻሻው ጋር ጣሉት። ለሙሽራዋም ጀበና ግዙላት።