ጎጆዋ የተጠበቀላት፣ ምግቧ የተወሰደባት

ማንም የማይሻማበትን ነገር አለመንካት ጥበቃ ሊባል ይችላል? ይህን ጥያቄ ያመጡብኝ የሻላ ሐይቅ ደሴቶች ናቸው።

ሻላ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጥልቀቱ 266 ሜትር ነው፤ በአገራችን የሚስተካከለው የለም። ከፊቄ ተራራ ሆነው ሲያዩት ደሴቶቹ ከውኃው መሐል ጉብ ጉብ ብለው ይታያሉ። ነጫጭ ፔሊካኖች ሲፈለፍሉ የኖሩት እዚያ ነው። ጅብ አይደርስባቸውም፤ ሰውም ቢሆን ከዚያ ድንጋይ የሚፈልገው ነገር የለም። ችግሩ ሻላ ወፏን የሚያጠግብ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ሲል በሽቅብ ነፋስ እየተንሳፈፈች ወደ ጎረቤቱ አብጃታ ሐይቅ ትሻገርና ዓሣ ይዛ ትመለስ ነበር። መኝታ ቤቷ ሻላ፣ ማድ ቤቷ አብጃታ ነበር ማለት ነው።

አብጃታ ግን ጥልቀት የሌለው፣ ይበልጡን ከዝዋይ በሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ የሚኖር ሐይቅ ነው። ከላይ ውኃው ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ ሲስብ፣ ውኃው ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም ተመናመኑ። ደሴቶቹን ግን ማንም አልነካቸውም! ሁለቱም ሐይቆች ያሉት ደግሞ ለውኃ አዕዋፍ ተብሎ በተከለለ አንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። (ለተማሪዎቼ መቼት የመድረክ መጋረጃ አይደለም እያልኩ ስሟገት የኖርኩት ለካ ለልቦለድ ብቻ አልነበረም።)

ይህንኑ ጦር ኃይሎች፣ ሰፈራችን ቡና ስንጠጣ ለአንድ ጡረተኛ ጎረቤቴ አነሳሁላቸው።

«መምህር፣ ሰው በሚራብበት አገር ለወፍ ማልቀስ ቅንጦት አይሆንብዎትም?» አሉኝ።

ቀላል ጥያቄ አይደለም። የዝዋይ ገበሬ ውኃውን የሚስበው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን የሚያበላቸው ልጆች ስላሉት ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙም እዚሁ ጉልት ላይ ተደርድሮ እየገዛን እንበላዋለን። ግን እኮ ቡልቡላ ሲጎድል ከዳርቻው ከብቱን የሚያጠጣውም ሰው ይጠማል። ክርክሩ ከላይኛውና ከታችኛው ሰው መካከል ነው፤ ወፏ ቀድማ ሰማች እንጂ። ደሴቱን መጠበቅ ምንም አያስከፍልም፤ ውኃውን መጠበቅ ግን ያስከፍላል፤ እኛም ያለ ዋጋ የሚገኘውን መርጠን ነው ጠባቂ የተባልነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ስኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ በኔ ሽንኩርት ላይ ስንት ሊጨመር ነው?» አሉ።

እስካሁን ዋጋውን የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።