ከዓለም መለየት ከሰው መሸሽ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እኛ የጉለሌ ሰንበት ተማሪዎች ስንወያይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ቤተሰብ ጧሪ፣ አገርም ሠራተኛ በሚፈልግበት ጊዜ ሁሉን ትቶ የሚመንን ሰው ከግዴታው መሸሹ አይደለምን? ከመካከላችን ምናኔን የሚመኙ አሉ፤ ወላጆቻቸው ደግሞ የመመረቂያቸውን ቀን ይቈጥራሉ። ስለዚህ ጥያቄው የራሳችን ነው።

እስቲ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ሕይወት እንመልከት። ከመኳንንት ወገን ተወልዳ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረውን መልክዐ ክርስቶስን አገባች። ሦስት ልጆችዋ በሕፃንነታቸው ሞቱ። በኋላ ለመመንኰስ ከቤትዋ ወጣች፤ ባልዋ ግን በተጠለለችበት አገር ላይ ጦር አዘመተ። በዚህ ጊዜ በእርስዋ ምክንያት ሕዝብ እንዳያልቅ ብላ ተመለሰች። ምናኔዋን ከሰው ሕይወት አላስበለጠችም።

በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ግን ባልዋ በነገሩ እንዳለበት ዐወቀች። ከዚያ ወዲያ እስኪያሰናብታት ድረስ አብራው አልኖረችም። ያን ጊዜ ዝም ብላ በቤትዋ ብትቀመጥ ኖሮ ሽሽት የሚባለው ያ ነበር። ለባልም ለንጉሥም መታዘዝ ተገቢ ነው፤ በደምና በሃይማኖት ላይ ሲደርስ ግን ወሰን አለው።

ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲያውጅ ተቃወመች፤ ወደ ዠበይም ለሦስት ዓመት ተጋዘች። በዚያ በረሓ ተከታዮችዋ ተሰበሰቡና የመጀመሪያው ማኅበርዋ ተመሠረተ። በ1624 ዓ.ም. የተዋሕዶ እምነት ከተመለሰ በኋላም ሥራዋን በጣና ዙሪያ ቀጠለች፤ ማኅበሮችዋ ሰባት ደረሱ። የመኳንንት ልጅ ስትሆን እህል ትፈጭ፣ ውኃም ትቀዳ ነበር። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ስታርፍ ማኅበሩን የምትመራ እኅተ ክርስቶስን ተክታ ነው።

እንግዲህ አንዲት እናት ቤትዋን ትታ ለብዙዎች ቤት ሆነች። መለኪያውም ይኸው ነው። ምናኔን የምናስብ፣ የማንን ሸክም ልንሸከም እንደምንሄድ እንጠይቅ፤ ከፈተና ለማምለጥ ወደ ገዳም የሚሮጥ ፈተናው ቀድሞት ይጠብቀዋል። በቤታችን የምንቀርም፣ በማዕዳችን ፊት ግፍ ሲሠራ ዝም ብለን እንዳንበላ እንጠንቀቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።