እሳቱና ጊዜው



ከጅንካ ተነሥተን በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወደ አርቦሬ ለአገልግሎት የምንወርድ ሁሉ እንደምናውቀው፣ በከፍታው የተስተካከለ ካርቡራተር ወይጦ ሸለቆ ሲደርስ ያው አይሆንም። በቆላው አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ የአየሩን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ጠበቅ የምናደርገው እዚያው፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ድምፁን እያዳመጥን ነው።

ቃሉን ይዘን ወደ አርቦሬ ከብት አርቢዎች ስንሄድስ? የጅንካውን ስብከት እንዳለ እናራግፍባቸዋለን ወይስ አስቀድመን እናዳምጣቸዋለን? (በአስተርጓሚ የሚነገር ረጅም ስብከት ማንን እንደሚያደክም የሰማ ያውቀዋል።) ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 10፥2 ዕውቀት ስለጎደለው ቅንዓት ጽፏል። ቤንዚን የበዛበት ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ጥቁር ጭሱ ብዙ፣ ጉልበቱ ትንሽ።

ደግሞም ፑንቲናው አለ። ክፍተቱ በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እርሱ ሲዛባ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜም ይዛባል። እሳቱ እጅግ ከቀደመ ገና ሽቅብ የሚወጣውን ፒስተን ይመታዋል። እውነተኛ ተግሣጽም ያለ ጊዜው ሲነገር ወንድምን ይሰብራል። ከመካከላችን በተግሣጽ ተከፍቶ የቀረ ወጣት ካለ፣ የፊታችን እሑድ ከመዝሙሩ በፊት ቤቱ ሄደን እንጠይቀው፤ በዚያ ቀን ግን ስለ ጥፋቱ አናንሣበት።