ቁምሳጥኑን ከጓሮ አስገባው

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ የቤት ዕቃ ነው። «ኡስታዝ፣ ለጁሙዓ ሌላ ርዕስ ጠፋ?» የምትል ካለህ ትንሽ ታገሰኝ። ነገሩ ስለ እንጨት ይመስላል እንጂ ስለ ልብ ነው። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገርህ።

ኒካሕ ያሰርኩ ጊዜ የተከራየነው ቤት አንድ መኝታና አንድ ጠባብ ሳሎን ነበር። እናቴ ከደሴ የአባቴን ቁምሳጥን በአይሱዙ አስጭና ላከችልኝ። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ቁምሳጥኑ የዋንዛ ነው። ከባድ፣ ባለ ሁለት በር፣ አንዱ ማጠፊያው የላላ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ። በዚያው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ቤት ሊያዩ ይመጡ ነበር። ባለቤቴ «ውስጥ ይግባ፣ ልብስ እናደርግበታለን» አለችኝ። እኔ ግን «ቦታ ይይዛል» ብዬ ጓሮ አቆምኩትና ላስቲክ አለበስኩት። እውነቱን ለመናገር ያስጨነቀኝ የሚይዘው ቦታ አልነበረም። የጓደኞቼ ዓይን ነው።

ክረምቱ ገባ። ላስቲኩን ነፋስ ገለጠው። ነሐሴ ላይ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ለዐስር ውዱእ ልታደርግ ወደ ጓሮ ወጣችና ቆየች። ብወጣ ቁምሳጥኑ አጠገብ ቆማ በሻርፗ ጫፍ በሩን ታደርቃለች። አልተቆጣችም። «አባትህ ሙስሐፉን ከላዩ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፣ እናንተ እንዳትደርሱበት» አለች። ቆይታ ደግሞ «ሳልልከው በፊት ሦስቱንም እህቶችህን ጠይቄያለሁ። ድርሻቸውን ላንተ ትተውልህ ነው የመጣው» አለችኝ። ከዚያ ልትሰግድ ገባች። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ወዳጄ፣ ኪብር ምን እንደሆነ በመድረሳ ተምሬያለሁ፤ ለሌሎችም አስተምሬያለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ የብናኝ ያህል ኪብር ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ በተናገሩ ጊዜ፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት መውደድ ኪብር ይሆን እንደሆነ ጠየቃቸው። መልሳቸው በሙስሊም ዘገባ ይገኛል፦ አላህ ውብ ነው፣ ውበትንም ይወዳል፤ ኪብር ማለት እውነትን መግፋትና ሰዎችን መናቅ ነው። ስለዚህ ልብ በል። አዲስ ሶፋ መግዛት ኪብር አይደለም። ቤትህ እንዲያምር መፈለግም ኪብር አይደለም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነበር። የአባቴን ላብና የእህቶቼን ስጦታ የሰው ዓይን ፈርቼ ዝናብ ላይ ጣልኩት። የናቅኩት እንጨቱን መስሎኝ ነበር፤ ከእንጨቱ ጀርባ የቆሙትን ሰዎች ነበር የናቅኩት።

አሁን ወደ አንተና ወደ አንቺ ልምጣ።

ከመግሪብ በኋላ ከሚያናግሩኝ ወጣቶች ውስጥ ስንቱ ኒካሑን የሚያዘገየው በዕቃ ምክንያት እንደሆነ ብነግርህ ታዝናለህ። ልጅቷ ፈቃደኛ ናት፣ ቤተሰብ ተስማምቷል፣ እሱም ሥራ አለው። የቀረው ብፌው፣ ሶፋው፣ አልጋው ነው። «ሙሉ ዕቃ ሳይኖረን እንዴት እንገባለን?» ይላሉ። ዓመት ያልፋል፣ ሁለት ዓመት ያልፋል። በመሃል ሸይጧን ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። አጎቱ ቤት ግን አንድ አልጋ ተፈታቶ ግድግዳ ተደግፏል። አክስቷ ቤት አራት ወንበር በረንዳ ላይ አቧራ ጠጥቷል። «ስጡን» ለማለት ያፍራሉ።

የዓለማት እዝነት የሆኑት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ፋጢማን (ረ.ዐ) ለዐሊይ (ረ.ዐ) ሲድሩ ይዛ የገባችው ዕቃ በሐዲስ ተዘግቧል፦ አንድ ልብስ፣ አንድ የውሃ አቁማዳና በሣር የተሞላ የቆዳ ትራስ። የራሳቸው የነቢዩ ፍራሽ የተምር ዛፍ ቃጫ የተሞላ ቆዳ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። ዑመር (ረ.ዐ) የሰሌኑ ምልክት በጎናቸው ላይ ታትሞ ሲያይ አልቅሷል። ይህን የምነግርህ አንተም በሣር ትራስ ተኛ ለማለት አይደለም። የቤት ክብር ከዕቃው እንዳልመጣ እንድታውቅ ነው።

ዕቃን ማደስስ? እዚህም ላይ አርአያ አለን። እናታችን ዓኢሻ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅላ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልወደዱትም። እሷም ጨርቁን አልጣለችውም። ቀደደችውና መቀመጫ ትራሶች ሠራችበት። ሌላ ጊዜ በሶደቃ የተሰጠች በግ ሞታ ተጥላ አዩና ቆዳዋን አልፍተው ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። «የሞተች እኮ ናት» ሲባሉ እርም የተደረገው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ። አየህ? ሰዉ ሁሉ «ያለቀለት ነው» ብሎ ካለፈው ነገር ውስጥ ገና የሚጠቅመውን ያያሉ። ጫማቸውን የሚጠግኑ፣ ልብሳቸውን የሚሰፉ ነቢይ ነበሩ። እኛ ግን ምስማር መምታት ያሳፍረናል።

ቁምሳጥኑ ምን ሆነ? የሰፈራችንን አናጺ ጠራሁ። ውሃ የገባበት የታችኛው ጣውላ በስብሶ ነበር፤ አውጥቶ በኮምፐርሳቶ ተካው። የላሉትን መጋጠሚያዎች በኮላ አጠበቀ፣ ማጠፊያውን ቀየረ። ቀሪውን እኔና ባለቤቴ በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው። በደንብ እስኪደርቅ ጠበቅን፣ በብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትለን ፈገፈግን፣ አቧራውን ጠርገን ቫርኒሹን ሳስ አድርገን ሁለት ጊዜ ቀባን፤ በመሃል አንድ ቀን አሳደርነው። የተላጠው ቀለም ሲነሳ ከሥሩ የወጣውን የዋንዛ መልክ ብታይ! ያ ሁሉ ውበት ከእኔ ጋር ጓሮ ነበር። (አሮጌ ቀለም የምትፈገፍጉ ሰዎች ልጆችን አርቁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ነፍስን መጠበቅም ዲን ነው።)

ነገር ግን አሮጌ ዕቃ የራሱ ሐቅ አለው። አራቱን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው የወራሾች ሐቅ ነው። የሟች ቤት ውስጥ ያለ ወንበርም፣ አልጋም፣ ድስትም ውርስ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡7) ወላጆች ከተዉት፣ ትንሽም ይሁን ብዙ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው ደንግጓል። «አሮጌ ነው፣ ማን ይጠይቃል?» ብለህ የእህትህን ድርሻ አትጫን። ያልደረሱ የቲሞች ካሉ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ከባድ ነው፤ ሕፃን ፈቃድ መስጠት አይችልምና ድርሻቸው ይጠበቅላቸው። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ደውላ የጠየቀችውን እኔ ዲግሪ ይዤ ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር።

ሁለተኛው የተቀባዩ ሐቅ ነው። በሱረቱ አል-በቀራ (2፡267) ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ እኛ ራሳችን የማንቀበለውን መጥፎ ነገር ለመስጠት እንዳናስብ ተከልክለናል። ትኋን ያለበትን አልጋ፣ እግሩ የተሰበረውን ወንበር «ሶደቃ ነው» ብለህ ድሃ ቤት አትወርውር፤ ያ ቆሻሻህን ማስወጣት ነው። እጠበው፣ ፀሐይ አስመታው፣ ጠግነው፣ ከዚያ ስጥ። ከሰጠህ በኋላ ደግሞ «ያ የኔ ሶፋ እኮ ነው» እያልክ በእንግዳ ፊት አታስታውስ። መመጻደቅ ሶደቃን ያበላሻል።

ሦስተኛው የገዢው ሐቅ ነው። ምናለሽ ተራ ሄደህ ገዝተህ፣ አድሰህ መሸጥ ሐላል ሥራ ነው፤ ሥራ ላጣ ወጣትም ጥሩ በር ነው። ነገር ግን ነቀዝ የበላውን እንጨት በቀለም ሸፍነህ አትሽጥ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ነጋዴውን ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእኛ አይደለም ሲሉም አስጠነቀቁ። ቀለም ለውበት እንጂ ለማታለያ አይሁን።

አራተኛው የቤተሰብህ ሐቅ ነው። ይሄ በተለይ ለወንዶች ነው። አንተ በየዓመቱ ስልክ እየቀየርክ ሚስትህን በተሰበረ ወንበር አስቀምጠህ ስለ ዙህድ አታስተምራት። ዙህድ ከራስ ይጀምራል። አሮጌው ዕቃ ቤት የሚገባው በሁለታችሁ ምክክር ይሁን። የማይጠገን ነገርም አለ። ሻጋታ የያዘ ፍራሽ ላይ ልጅ አይተኛም፤ «የአያቴ ነው» ተብሎ ቤት በዕቃ መሞላትም የለበትም። አንድ መኝታ ለባል፣ አንድ ለሚስት፣ ሦስተኛው ለእንግዳ፣ አራተኛው ለሸይጧን እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናልና የተረፈው ለሌላው ይለፍ።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ በቂያማ ቀን ስለ ጸጋ ሁሉ እንደምንጠየቅ በሱረቱ አት-ተካሡር ተነግሮናል። በረንዳህ ላይ ያለው ወንበርም ጸጋ ነው። ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ያለችውን የዛሬዋን ሰዓት ተጠቀምባት፤ በዱዓህ መሃል ቤትህን ዞር ብለህ እይ። የሚጠገን ካለ ለመጠገን ነይት። የሚሰጥ ካለ ለማን እንደምትሰጠው አስብ፤ ምናልባት አንድ ኒካሕ ያንተን አልጋ እየጠበቀ ይሆናል። ወላጆችህ የሰጡህን ነገር ደብቀህ ከሆነ ደግሞ አውጣውና ደውልላቸው።

ቁምሳጥኑ ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ነው። ከላዩ የአባቴ ሙስሐፍ አለ፤ ልጆቼ አይደርሱበትም። እናቴ በመጣች ቁጥር ሳትቀመጥ በፊት በሩን በእጇ ዳሰስ ታደርገዋለች። ምንም አትልም። እኔም ምንም አልላትም።

አላህ ሆይ፣ ልባችንን ከኪብር አጥራልን። በሰጠኸን ተብቃቂ አድርገን፣ ቤቶቻችንን በረካ ሙላልን። ለማግባት ለተቸገሩ ወጣቶቻችን አግራላቸው። ለሞቱት ወላጆቻችን እዘንላቸው፣ በሕይወት ያሉትን ከማሳዘን ጠብቀን። አሚን።

ወሰለላሁ ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ። መልካም ጁሙዓ።